በቅንፍ ያለችው ዝምታ

ይህን ሰምታችሁ ብትጠሉኝ አልፈርድባችሁም። እትዬ ገለቴ ቡራዩ ከተማ ውስጥ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ጀርባ ልብስ ይሰፋሉ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ለመዱት። ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው የሰፈራችን የቴአትር ቡድን እናት ሆኖ የሚጫወት ሰው አጣና አዘጋጃችን ፍቅረሥላሴ ለመናቸው። እኔ ደግሞ ምን መድረክ አውቃለሁ ብለው ሳቁበት፤ በማግስቱ ግን ልምምድ ላይ ከሁላችንም ቀድመው ተገኙ።

እኔ ማሪቱ ተዋናይ አይደለሁም። ሥራዬ ጽሑፉን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ መቀመጥና ቃለ ተውኔት የጠፋበትን ተዋናይ በሹክሹክታ ማስታወስ ነው። እውነቱን ልናገር፤ እትዬ ገለቴ ይረሳሉ ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ደምድሜ ነበር። ለምን? አማርኛ የእናታቸው ቋንቋ ስላልሆነ ነዋ። እሳቸው ግን የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ቃል ሸምድደውት ነበር።

ቴአትሩ የተመረቀ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጃቸው ብርቅዬ ከሱሉልታ ድረስ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሁለተኛው ገቢር እናትየዋ የልጇን ሞት ትረዳለች። እትዬ ገለቴ መርዶውን ሰሙ፣ ነጠላቸውን ጨበጡና ዝም አሉ። ተመልካቹም አብሯቸው ጸጥ አለ። ጽሑፉ ላይ በቅንፍ «ዝምታ» ይላል፤ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ሰዓት ግን አማርኛው ጠፋባቸው ብዬ ደነገጥኩና ቀጣዩን ቃል ጮክ ብዬ ወረወርኩላቸው፤ «ልጄን ምን አደረጋችሁት» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ ሰማኝ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሳቁ ተዛመተ። እሳቸውም ቃሉን ደገሙት፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ በኋላ የእሳቸው አልነበረም።

መጋረጃው እንደተዘጋ ፍቅረሥላሴ፣ እትዬ ገለቴ ረስተው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ምናለ ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ቀጥሎ ሰበታ ለምናሳየው ትርዒት የእናትየዋን ቦታ ከቡድናችን ተዋናዮች ለአንዷ፣ ለሐኒ፣ ሰጠባቸው። እትዬ ገለቴም የመድረክ ቀሚሳቸውን በሐኒ ልክ አጠበቡላት።

ሁለት ሳምንት ደብቄ ያዝኩት። በመጨረሻ ለፍቅረሥላሴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰደበኝ፣ ደግ አደረገ። ከዚያም እንዲመለሱልን ለምኚልኝ ብሎ ላከኝ።

ስፌት ቤታቸው ስደርስ እትዬ ገለቴ እንደ ወትሮው በኦሮምኛ አከም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ፣ ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ቁጭ ማለት አፈርኩ። እንደቆምኩ፣ እርስዎ አልረሱም ነበር፣ ዋሽቼ ያስወጣሁዎት እኔ ነኝ፣ ቦታዎ ይጠብቅዎታል አልኳቸው። የስፌት መኪናውን አቆሙ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ያኔ አልረሳሁም ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ግን ለብቻዬ ስለማመደው፣ እዚያች ቦታ ስደርስ እውነትም ይጠፋብኛል።»