ወይዘሮ እና ሃያ አራቱ በሮች

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ወተት ይለዋል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ከሚስቱ ሌላ ቢገኝ እሰየው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በጋሪ ወተት አድሏል። ጋሪውን የምትጎትተው ባዝራ ደግሞ ወይዘሮ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት አረማመዷ ነው።

የሁለቱ አሠራር እንዲህ ነበር። እሱ ጠርሙስ አቅፎ ይወርዳል፣ በር ላይ ያስቀምጣል፣ ባዶውን ያነሣል፤ ወይዘሮ በዚያ መሐል ማንም ሳያዛት ወደሚቀጥለው በር ሄዳ ትጠብቀዋለች። ልጓም የሚይዝ የለም። ሃያ አራት በር በአንድ ሰዓት ተኩል ጥንቅቅ!

ታዲያ ወደ ደንበኞቹ የሚያሻግረው ድልድይ ለጥገና ተዘጋ። የሚሠራለት ወተት ቤት የወንዝ ማዶ ደንበኞቹን ለሌላ ሰው ሰጠና ለጋሽ ወተት አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሃያ አራት በር ደረሰው። ወይዘሮ አንዱንም አታውቀው። በየበሩ እየሮጠ ተመልሶ ልጓም ሲስብ ረፈደ፣ ወተቱን ፀሐይ መታው። በሁለተኛው ቀን አምስት ሰው የተበላሸ ወተት ይዞ ወተት ቤቱ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለው የወተት ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው። «ለዚያ ሰፈር ሞተር ልናስገባ ነው። ሁለት ሳምንት ልስጥዎት፤ ከዚያ ራሴ ጋሪው ላይ ወጥቼ አየዋለሁ።»

ጋሽ ወተት ሞተር መንዳት አይችል፣ ወይዘሮም ከጋሪ ሌላ ሥራ አታውቅ። 

ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ በሃያ አራቱም በር እየመራ አዞራት። እሷ ሁሉንም ደባለቀችው። አንድ ቀን ቤት ገብቶ ባርኔጣውን ወረወረ። ለሰፈሩ ሴቶች ሹራብ መሥራት የምታስተምረው ሚስቱ ከመርፌዋ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ስንቱን በር ነው በአንዴ የምታስጠናት?»

«ሃያ አራቱን ነዋ!»

«አይ አንተ ሰውዬ! እኔ ጥለቱን ከላይ እስከ ታች ባነበንብላቸው አንዷም ነገ አትመጣም። አራት የመርፌ አካሄድ አሳያለሁ። ወሬ እያወሩ መሥራት ሲችሉ፣ አራቱ ለእጃቸው አንድ ሲሆንላቸው፣ ያኔ ሌላ አራት።»

«እሷ እኮ ፈረስ ናት።»

«እጅስ መች ማንበብ ያውቃል?»

በማግስቱ አራት በር ብቻ፤ ከሰማያዊው በር እስከ አናጢው ቤት። መልሶ፣ ደግሞ መልሶ። በሁለተኛው ቀን እሱ ከአናጢው ጋር ሲሳሳቅ ወይዘሮን አራቱን ለብቻዋ ጨርሳ ቆማ አገኛት። ከዚያ በየቀኑ ሌላ አራት በር፣ ሌላ ክፍል። ሚስቱ አንድ ቀን ልታይ መጣች። ባዝራዋ አንዱን ክፍል ስትጨርስ ትንሽ ቆም ብላ ጆሮዋን ታቆማለች፤ በክፍሉ ውስጥ ግን እንደ ውኃ ትፈስሳለች። «ያው የኔ ተማሪዎች!» ብላ ሳቀች።

አንድ ጣጣ ብቻ ቀረ። ከክፍሉ መሐል ሰው ካስቆማት ይጠፋባታል።

የፈተናው ጠዋት ኃላፊው ሰዓቱን ይዞ ጋሪው ላይ ተሰየመ። አሥራ ሁለት በር ያለ ልጓም አለፈ። «ይገርማል!» አለ። አሥራ አራተኛው በር ላይ ግን ወሬ የማይጠግባት ልብስ አጣቢ ከደጇ ወጥታ ወይዘሮን አንገቷን አቀፈች።

«የኔ ቆንጆ! ጋሽ ወተት፣ ቤተሰብ ሰላም ነው? ሚስትህስ ጉልበቷን ተሻላት?»

እስክትለቃት ድረስ የሆነው ሆነ። ወይዘሮ ግራ ገብቷት ተገተረች። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። የጋሽ ወተት እጅ ልጓሙን ለመጎተት ተዘረጋ። መጎተቱ የት እንደሚያደርስ ግን ሳምንት ሙሉ አይቶታል። ጋሪውን አዞረው።

«ጋሼ! ወደ ኋላ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ወደ አሥራ ሦስተኛው። ከመሐል አትጀምርም።»

«ቀልድ ነው?»

«እስቲ አንተ ስልክ ቁጥርህን ከመሐል ጀምረህ ንገረኝ።»

ኃላፊው ሊሞክር አፉን ከፈተ።  ከንፈሩ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ራሱን ታዘበና ሳቀ።

ከአሥራ ሦስተኛው በር ወይዘሮ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ሰባት ደቂቃ ብቻ አሳልፈዋል። ኃላፊው የመጨረሻውን ጠርሙስ ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ሞተሩ ለሌላ ሰፈር ይሁን» አለ። «ግን ከዚህ በታች ያሉትን ዘጠኝ ቤቶች እጨምርብዎታለሁ።»

«ጨምር። አንድ ሳምንት ብቻ ስጠን» አለ ጋሽ ወተት፤ ዓይኑ ግን ከወዲሁ ቁልቁል የወረደውን መንገድ በሮች እየከፋፈለ ነበር።