ዓይናለም የመረጠችው የመጠቅለያ ማሽን

ዓይናለም ከሻርጃ ስትመለስ ያመጣችው የታመመ ወገብና ስለ ማሽን የማይደክመው አፍ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ሠርታለችና ደብረ ታቦር በአቶ ወርቁ የዱቄት መጋዘንም ያንኑ ሥራ አገኘች። ከብዙነሽ ጋር ሆነው ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደረውን ከረጢት በላስቲክ ይጠቀልላሉ፤ አንዷ የላስቲኩን ጥቅል ይዛ ጎንበስ ቀና እያለች ትዞራለች፣ ሌላዋ ከረጢቱን ትደግፋለች። ሥራ ሲያበቃ በየተራ ወገብ ይተሻሹ ነበር። እህትማማች ይመስሉ ነበር፤ መምሰል ደግሞ ቀላል ነው።

አቶ ወርቁ ማሽን ሊገዙ ሲነሱ ዓይናለምን ጠርተው ስልካቸው ላይ ሁለት ዓይነት አሳዩዋት። አንደኛው ፓሌቱን ክብ ሳህን ላይ አስቀምጦ ያሽከረክራል፤ ላስቲኩን የሚያያይዝና የሚቆርጥ አንድ ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው ፓሌቱን ሳያንቀሳቅስ በክንዱ እየዞረ ይጠቀልላል፤ ቆርጦ የሚጨርሰውም ራሱ ነው።

ዓይናለም ወዲያው ገባት። በሁለተኛው ሁለቱም ይባረራሉ፣ በመጀመሪያው አንዷ ትቀራለች።

«ጋሼ፣ የሚያሽከረክረው ይሻልዎታል። ሻርጃ የሠራሁት በሱ ነው።»

«እንግዲያው አንቺው ትይዥዋለሽ። ብዙነሽን ማሽኑ ሥራ ሲጀምር አሰናብታታለሁ።»

ዓይናለም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልትሰናበት መሆኑን ለብዙነሽ የነገሯት የመጋዘኑ ጫኞች ናቸው። ብዙነሽም የዓይናለምን ወገብ ማሸት ተወች።

እዚህ አገር ግን ያለ ምርቃት ንግድ የለም። የአቶ ወርቁ ደንበኞች በየፓሌቱ አናት ላይ አንድ ትንሽ ከረጢት ዱቄት በነፃ ካልተጫነላቸው ያኮርፋሉ። ሴቶቹ ሲጠቀልሉ አንዷ በእጇ ስለምትይዘው ወድቆ አያውቅም። ሻርጃ ምርቃት የሚባል ነገር ስለሌለ ዓይናለም ትዝ አላላትም። አቶ ወርቁም ትዝ አላላቸውም፤ እሳቸውን ግን ማን ይጠይቃል?

ማሽኑ ሥራ የጀመረ ዕለት ቄሱ ጸበል ረጩ። ከጉና የመጣው ትልቁ ደንበኛ ሞላ አዲስ ካፖርቱን ለብሶ ከፊት ቆመ። ዓይናለም ቁልፉን ተጫነች። ሳህኑ ፈጠን ሲል፣ ላስቲኩ ገና ከታች ሳለ፣ የምርቃቱ ከረጢት ከላይ ተወርውሮ በሞላ ደረት ላይ ፈነዳ።

ጫኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዱቄት በዱቄት የሆነው ሞላ ግን አልሳቀም።

«ወርቁ! ጠርተህ ልታዋርደኝ ነው?» ብሎ ወጣ። አቶ ወርቁ እየለመኑ እስከ በሩ ተከተሉት፤ ዞር ብሎም አላያቸው።

ተመልሰው ሲመጡ ዓይናለም ቀድማ ተናገረች። «ጋሼ፣ ምርቃቱን የሚደግፍ ሰው ነው የጎደለው። ብዙነሽ ትቆይና ትደግፍ።»

«ብዙነሽማ ትቆያለች» አሉ። «ምርቃቱን ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ በእጇ ታስረዋለች። ማሽኑንም እሷው ትይዛለች። ይህን ያስገዛሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያንቺ ሥራ አብቅቷል፤ ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ።»

ዓይናለም አለቀሰች። እኔም ከጫኞቹ ጋር ቆሜ አየሁት፤ አንጀቴ ግን አልራራላትም።

«ብዙዬ፣ አንድ ቃል ተናገሪልኝ» አለች። «ልጆች እንዳሉኝ ታውቂያለሽ።»

ብዙነሽ ሞላ የቆመበትን ቦታ ዱቄት ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ ወደ ማሽኑ መጣች።

«የሚያስነሳው ቁልፍ የትኛው ነው?» አለቻት። «አሳይተሽኝ ሂጂ።»

ዓይናለም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አሳየቻት።