ኤሌክትሮኑ መጣች

አጵሎስን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ፦ የካምባ ልጅ፣ በኮሌጃችን የፊዚክስ መምህር፣ ፕሉቶኒየምን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የፕሉቶኒየም አጥኚ። ይህን ለአከራዩ ለእትዬ አበራሽ ማን ያስረዳቸው! «ጨረር ያለው ብረት ላይ ነው የሚሠራው» የሚል ወሬ ከሰሙ ጀምሮ የልብስ ገመዳቸውን ከልክለውታል። እኔ ሣራ ግን የኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሻን ነኝና እመሰክራለሁ፤ የሚነካው ከባድ ነገር ቢኖር ከጫኖ የማመጣለት ሙዝ ነው።

ሥራው ስሌት ነው። የከባድ ብረት ኤሌክትሮኖች የት እንደሚውሉ ኮምፒውተሩ ይገምታል፣ ያሰላል፣ ያገኘውን ከግምቱ ጋር ያስተያያል፤ ካልተገጣጠመ ደግሞ ይገምታል። እንዲህ ሲል ሁለት ወር ሆነው። መብራት በሄደ ቁጥር አጵሎስ ፊቱ ይጠቁራል፣ እኔ ጄኔሬተር ለማስነሳት እሮጣለሁ። ውጤቱ ካልተገኘ የማስተርስ ጽሑፉ አያልቅም፤ ጽሑፉ ካላለቀ ዘንድሮ ከሥራው ይሰናበታል።

ታዲያ የንብረት ኮሚቴው ያንኑ ኮምፒውተር ለሬጅስትራር ልስጥ አይል መሰላችሁ! ሰብሳቢው ጋሽ ፈቃደ ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ሃያ ዓመት እዚህ የኖሩ፣ ደግ ሰው፣ ግን በሰው አማርኛ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚመዙ። አጵሎስ ደግሞ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነውና ሲደነግጥ ወንዱና ሴቱ ይደበላለቅበታል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ «እናቴ መጣ» ብሎ፣ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ስሙ «እናቴ መጣ» ሆኖ ቀረ። ስብሰባ ሲባል የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ኮሚቴው ተሰየመ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

«በል፣ በቀላል አማርኛ አስረዳን» አሉት ጋሽ ፈቃደ።

«ጋሼ፣ አንዳንዱ ብረት ላይ ኤሌክትሮኑ ቤቷ ትቀመጣለች። አንዳንዱ ላይ ከአተም አተም ይዞራል። ፕሉቶኒየም ላይ ግን ኤሌክትሮኑ መጣች ስንል...»

«ቆይ፣ ቆይ! መጣ ነው መጣች? ወስን እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ተናደድኩ፤ እስክሪብቶውን ብወረውርባቸው ደስ ባለኝ። አጵሎስ ብው አለ።

«እሱ ነዋ ችግሩ ጋሼ! ፕሉቶኒየም ላይ አልለየለትም! ግማሽ ልቡ ቤት ነው፣ ግማሽ ልቧ መንገድ። አንዱን መርጬ ሳሰላ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አለብኝ፤ ሁለት ወር የፈጀብኝ እኮ እሱ ነው! ሦስት ሳምንት ብቻ ስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ፈቃደ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፊ፣ ሣራ። ኤሌክትሮኑ እስኪወስን...» አሉና ቆሙ። «እስክትወስን...» እንደገና ቆሙ። «ኧረ ወዲያ! ሁለቱንም ጻፊው።»

በማግስቱ ማኅተም አርፎበት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፦ «ኤሌክትሮኑ/ኗ እስኪወስን/እስክትወስን ድረስ ኮምፒውተሩ ባለበት ይቆይ።»

አጵሎስ ሁለት ጊዜ አነበበው። እንባ አቅርሮ ነበር፣ ሞኝ! ወደ ካምባ ደውሎ በጋሞኛ ሲያወራ ቆየና ስልኩን ዘጋ።

«ሣራ፣ ለምርቃቴ እናቴ ይመጣል» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ይምጣ!» አልኩት።