ስሙ የእሱ፣ መርፌው የኔ

ጅማ ውስጥ ያኔ በደርግ ጊዜ ቡና የማያበላው ሰው አልነበረም፤ አበላሉ ግን ለየቅል ነው። እኔ በምሠራበት የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ወንዱ ይሸከማል፣ ይመዝናል፣ ማሽን ያንቀሳቅሳል፣ ኬሻ ይሰፋል። ሴቱ ይለቅማል። ጎንበስ ብለን ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ስንለይ እንውላለን። ክረምት ሲገባ ቡናው ያልቃል፤ አለቃችን ካቦው በሩ ላይ ቆሞ እኛን ሴቶቹን ያሰናብተናል። ወንዶቹ ቋሚ ስለሆኑ የተቀደደ ኬሻ ሲጠግኑ ይከርማሉ። እኛ ምን በልተን እንደምንከርም የጠየቀን የለም። ግድግዳው ላይ ግን ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። የውይይት ክበብ ቀን ከሥሩ ተቀምጠን እናጨበጭባለን። እኔማ እጄ እስኪቀላ ነበር የማጨበጭበው፣ ሞኟ!

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለችው ቤቴ ሁለት ልጆች ይዤ ሰኔ ሲቃረብ ፍርሃት ፍርሃት ይለኝ ነበር።

ዘመኑ ወንድ የሚታፈስበት ነው። ኬሻ ሰፊያችን ገና ጎረምሳ ነበር፤ አንድ ጠዋት ከገበያ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። አፉ ያልተሰፋ ቡና እስከ ጣሪያ ሲቆለል ካቦው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እኔም ብድግ ብዬ መርፌውን አነሳሁ። ስፌት ያደግኩበት ሙያ ነው፤ መሶብ የሰፋ እጅ ኬሻ ምን ያቅተዋል?

የኬሻ ስፌት ቁም ነገሩ ጆሮው ነው። አፉን መግጠም ማንም ይችላል። ሁለቱን ማዕዘን ጠቅልለሽ፣ በሲባጎ ጠምጥመሽ ጆሮ ካላወጣሽለት ግን ተሸካሚው የሚጨብጠው ያጣል፤ ኬሻው ከጀርባው ሾልኮ ወገቡን ይሰብረዋል። የኔን ጆሮ ተሸካሚዎቹ ወደዱት። ካቦውም ቋሚ አደርግሻለሁ፣ ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ክረምት መርፌውን ተቀብሎኝ ከለቃሚዎቹ ጋር አስወጣኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

ከዚያ ያ ታፍሶ የሄደው ልጅ ከጦር ሜዳ ተመለሰ። ከቀኝ እጁ የተረፈው ሁለት ጣት ብቻ ነው። ሳየው አለቀስኩ፤ እሱም እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

በማግስቱ ካቦው ሁለታችንንም ጠራንና ያሰበውን ነገረን። ልጁ ቋሚ ሰፊ ተብሎ ይመዘገባል። እኔ ከጎኑ ሆኜ እሰፋለሁ፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ልማዴ ቤቴ እገባለሁ። ስሙ የእሱ፣ መርፌው የኔ!

"ምን አለበት?" አለኝ እየሳቀ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።"

"እንግዲያስ ወንዱ ይጨርስልዎት" አልኩት። መርፌውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ለቀማዬ ተመለስኩ።

ሴቶቹ ደነገጡ። አጠገቤ የምትለቅመው፣ "ማሎ፣ እባክሽ ተይ፤ ዝም አይነቅዝም" አለችኝ። እኔ ግን ዝም ብዬ ብዬ ነቅዤ ነበር።

ያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ ቡና የሚጭን መኪና በር ላይ ቆሟል። ካቦው ዘበኛውን ሰፊ አደረገው። ዘበኛው የኬሻውን አፍ እንደ ትራስ ጥርቅም አድርጎ ሰፋው፤ ጆሮ የሚባል የለም። የመጀመሪያው ተሸካሚ አንስቶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ኬሻው አመለጠውና ከእግሩ ሥር ተዘረገፈ። ሽማግሌው ተሸካሚ ይህን አይቶ የራሱን መልሶ አወረደና እላዩ ላይ ተቀመጠ። ጆሮ የሌለው ኬሻ እንደማይሸከም በኦሮምኛ ተናገረ። ሌሎቹም ተከትለውት ተቀመጡ።

ካቦው ወደኔ መጣ። "አሻጥር ነው ይሄ" አለ። ያኔ በዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ልጆቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ፣ የት ልግባ? ተነስቼ ቀዩ ጨርቅ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

"አሻጥር ከሆነ እዚሁ ጨርቁ ሥር ያሳስሩኝ። ካልሆነ ቋሚ ሰፊ ብለው ይጻፉኝ፤ ልጁን ሚዛን ላይ ይመድቡት። መኪናው ሳይመሽ ይጫናል።"

ሁሉም ጨርቁን አየ፤ እኔን አየ። ልጁ ቀስ ብሎ፣ ሚዛን በግራ እጁም እንደሚሆንለት ተናገረ። ካቦው ላብ ላብ አለው። ሾፌሩ ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋል። በመጨረሻ ካቦው እያጉተመተመ ወደ ቢሮው ገባና ጻፈኝ። እኔም ወረቀቱ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ሳይመታበት መርፌውን አልነካሁም፤ ምን ቆርጦኝ!

ክረምቱ ሲገባ ሴቶቹ እንደ ዱሮው ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናብ ወጡ። እኔ በመካከላቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን እዚያው በሩ ላይ ወደ ንዴት ተለወጠ። ባዶው መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ኬሻ ልጠግን ነው የታገልኩት? ዞሬ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው።

"በመስከረም መርፌ መርፌያችሁን ይዛችሁ ኑ። ጆሮ አወጣጡን አሳያችኋለሁ።"

ካቦው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰማኝ። ይስማ።