ሰንሰለት ያዥ አይጮኽም

ልጄ ትምህርቱን ማቋረጡን የነገረኝ ቆሞ ነው። እኔ ተቀምጬ አነብ ነበር። የሕግ ትምህርቱን እንደተወ፣ የአሜሪካ እግር ኳስ መጫወት እንደሚፈልግ፣ ለኑሮው በአንድ ባርነሃገ፣ በመዋዕለ ሕፃናት፣ ሥራ እንዳገኘ በረጅሙ አስረዳኝ። ሲጨርስ «ምን ትላለህ?» አለኝ። ገጹን ገለበጥኩት። አንብቤ አልጨረስኩትም ነበር፤ ብቻ ገለበጥኩት። በዚያው ሳምንት ፕሪንስዳል የሚኖር ጓደኛው ዘንድ ገባ። እኔ ቬስትሊ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ መስመር በሚያልቅበት ቀረሁ። በአንድ ከተማ ሁለት ጫፍ ሁለት ዓመት ኖርን።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በብራና መጻሕፍት ላይ ነው። አንድ ጸሐፊ ስለምን አንድን ነገር ሳይጽፍ እንዳለፈው ምክንያት መፈለግ ሙያዬ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አገኝ ነበር። ለራሴ ዝምታ ግን ምክንያት አላገኘሁለትም።

ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የወሎ ሰው የሆነ የአውቶቡስ ሹፌር ይኖራል። የእሱም ልጅ ከልጄ ጋር በአንድ ቡድን ይጫወታል። የዘንድሮው ውድድር በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ደረጃው ላይ ያዘኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ያ ልጅዎ እኮ ጉድ ነው! ዘንድሮ ገና መሰለፍ ጀምሮ በሁለት ጨዋታ አንድም ሰው አላለፈውም፣ ወላሂ።»

«ደኅና ነው?» አልኩት።

«ደኅና ነው ወይ ይላሉ! መጥተው አያዩትም? ለቅዳሜ ዱግናድ ሰው አጥሮኛል። ወላጅ ሁሉ ተራ አለበት፤ እርስዎ ብቻ ነዎት አንድ ቀን ያልሠሩት።»

ዱግናድ የዚህ አገር ደቦ ነው። በጨዋታ ቀን አንዱ ወላጅ ዋፍል ይጋግራል፣ አንዱ ወንበር ይደረድራል። ዋፍል መጋገር እንደማልችል ነገርኩት።

«አብሽሩ፤ ለእርስዎ የሚሆን ሥራ አለኝ። መቆምና ዝም ማለት ነው።»

ቅዳሜ ግሮሩድ፣ ጫካው ሥር ባለው ሜዳ ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰኝና ከቁመቴ የሚበልጥ ዘንግ አስያዘኝ። ሌላውን ዘንግ እሱ ያዘ። በመካከላችን አሥር ያርድ ርዝመት ያለው ሰንሰለት አለ፤ አጥቂው ቡድን ምን ያህል እንደተራመደ የሚለካው በእሱ ነው። ዳኛው መጥቶ ሕጉን ነገረን። ሰንሰለት ያዥ አያጨበጭብም፣ አይጮኽም፣ ወገን የለውም። ሹፌሩ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ልጄ የሚሰለፍበት ቦታ ኮርነርባክ ይባላል። የሜዳውን ጠርዝ የሚጠብቅ ተከላካይ ነው፤ ፊቱን ወደ ባላጋራው አድርጎ ወደ ኋላ ይሮጣል። ሥራውን አሳምሮ ከሠራ ኳስ ወደ እሱ አይወረወርም፤ ስለዚህም ስሙ አይጠራም። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ በየሩቡ ቡድኖቹ ጎን ስለሚቀያየሩ የጨዋታውን ግማሽ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ፣ ግማሹን በሜዳው ማዶ ያሳልፋል።

በመጀመሪያው ሩብ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከራስ ቁሩ ፍርግርግ ውስጥ ዓይኖቹ ለአፍታ እኔ ላይ ዐረፉና ወደ ባላጋራው ተመለሱ። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። የአንገቱ ጀርባ ያው ነው፤ በሕፃንነቱ ከጀርባው ጎንበስ ብዬ ጫማ ሳስርለት የማየው። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። በሁለተኛው ሩብ ማዶ ሄደና እንደ አንድ ትንሽ የማሊያ ቁጥር ሆነ።

በሦስተኛው ተመለሰ። ያኔ ነው ረጅሙ ኳስ የተወረወረው። አጥቂው ወደ እኔ አቅጣጫ ሲሮጥ ልጄ ወገብ ለወገብ ተጣብቆት መጣ፤ በመጨረሻው ቅጽበት ዞሮ ዘለለ፤ ኳሱን ከሰውየው መዳፍ ላይ ነጠቀው፤ ከዚያም በጎኑ እግሬ ሥር ወደቀ። የወደቀበት ድምፅ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

«እኔን!»

የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ይህ በቤታችን የእናቱ ቃል ነበር፤ ልጁ በተደናቀፈ ቁጥር ከወጥ ቤት ትለው ነበር። ከሞተች ወዲህ ማንም አላለውም። ዘንጉም ከእጄ ወድቆ ነበር፤ ልኩ ጠፋ።

ልጄ ኳሱን እንዳቀፈ ተነሣ። ወደ እኔ ዞረ።

«አባዬ፣ ዱላውን አንሣ» አለኝ።

ዳኛው ገሠጸኝ። ሹፌሩ ግን አጠገቤ መጥቶ «አይጨነቁ፤ ኳሱ ወደ እኛ ዞሯል። የድሮው ልክ አይፈለግም፣ ካለንበት አዲስ ይለካል» አለኝ በሹክሹክታ። ቀጥሎም «ሁለት ዓመት ዝም ብለው ዛሬ ነው የሚጮኹት?» አለኝ።

የመጨረሻውን ሩብ ልጄ ማዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኳስ ወደ እሱ የወረወረ አልነበረም።

ጨዋታው አልቆ ሰንሰለቱን ስጠቀልል የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ መጣ። ጉንጩ ላይ የሜዳው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ተለጥፏል።

«ተጎዳህ?»

«ኔይ፣ ደኅና ነኝ።» ዓይኑ ሰንሰለቱ ላይ ነበር። «ያን ቀንም እንዲህ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።»

ቆሞ ጠበቀኝ። አፌን ከፈትኩ። ትክክለኛውን ቃል ስመርጥ የጓደኛው መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። «ቻው፣ አባዬ» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ወደፊት ሲሮጥ ያየሁት በዚያ ቀን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ ሜዳ ቀጥለው የሚጫወቱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስሜን ለሰንሰለቱ አስመዘገብኩ። ሹፌሩ «ዋፍሉ አይሻልዎትም? እዚያ እኮ መናገር ይፈቀዳል» ብሎ ሳቀብኝ። ዋፍል የሚጋገረው ግን ከሕንፃው በስተኋላ ነው፤ ከዚያ ሜዳው አይታይም።

ስልክ መኖሩን አውቃለሁ። «ምን ትላለህ?» የተባልኩት ግን ፊት ለፊት ነው። መልሱ አሁን በእጄ ነው፤ አንዲት ቃል ነች፦ ተጫወት። ዘንጉን ከመያዜ በፊት ልነግረው ይገባል። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።