የሲሪል ሻይ

ኤልሲ በእንግሊዟ ሀል ከተማ ሲኒማ ቤት ውስጥ በትሪ አይስክሬም እያዞረች ትሸጣለች። ባሏ ሲሪል በጦርነቱ ጊዜ መርከቡ ተመቶ ሞቶባታል። እንዴት እንደሞተ የሚያውቀው በዚያው መርከብ አብሮት የነበረው ጓደኛው ዊልፍ ነው፤ ባገኘችው ቁጥር ብትወተውተውም ዓመታት ዝም አላት። ባለፈው ወር ግን ከለንደን ሲመለስ ነገራት። «ካፒቴኑ ትከሻውን ይዞት፣ ‹ሻዬን እንዳታቀዘቅዙብኝ› ብሎ እየቀለደ ነው የሄደው» አላት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት መተኛት ጀመረች።

ዛሬ አዲሱ የጦርነት ፊልም ሀል ገባ። መጨረሻው ላይ አንድ መርከበኛ ካፒቴኑ ትከሻውን እንደያዘው፣ «ሻዬን እንዳታቀዘቅዙብኝ» ብሎ ሞተ።

ዊልፍ የኋላው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ኤልሲ ትሪዋን እንዳንጠለጠለች አጠገቡ ዘፍ አለች።

«አንተ ቀጣፊ! ለንደን ያየኸውን ነው የነገርከኝ?»

«እንቅልፍ ቢወስድሽ ብዬ ነው፣ ኤልሲዬ።»

«የኔውስ እንዴት ሞተ?»

«ሞተር ክፍል ነበር። ውሃው ሲገባ መርከቡን ለማትረፍ በሩ ከላይ ተዘጋባቸው። ሲደበድቡት እንሰማ ነበር።»

«ብዙ ቆየ?»

«ቆየ።»

ፊልሙ አልቆ እንደ አገሩ ደንብ የንግሥቲቱ መዝሙር ሲጀምር ሰው ሁሉ ተነሳ። ከፊታቸው የቆመ ሽማግሌ ዞሮ፣ «ተነሱ እንጂ! የሞቱልንን ልጆች እንኳ አታፍሩም?» አላቸው።

ዊልፍ ሊነሳ ሲል ኤልሲ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። መዝሙሩ እስኪያልቅ ሁለቱም ከወንበራቸው አልተነሱም።