ዘንበል ባለ ግቢ የተለካ ዘይት

ወንድሜ ሲሞት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። ከዚያም አራት ወር ከአስር ቀን እንደቆመች ቀረች። ሚስቱ ዒዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ከቤቷ አትወጣም። አባቴም "ልጂቱ ዒዳዋን ሳትጨርስ ስለ መኪና የሚያወራኝ ሰው እንዳይኖር" አሉ። ማንም አላወራም።

ከዒዳው በኋላ የሚሆነው ግን የታወቀ ነበር። መኪናዋ ለሹፌር ትሰጣለች። ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለሰች ሰው ትጭናለች። የምታስገባው ገንዘብ ለሚስቱና ለሦስት ዓመት ልጁ ነው። ሌላ የተወላቸው ነገር አልነበረም። የታመመው አስራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በአስራ አንድ ቀን ሰው ምን ያሰናዳል?

ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን በእጃቸው ዘጉልኝና "አደራ፣ የየቲም ንብረት ነው" አሉኝ። የቲም የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን የሰማሁት አባታቸው ስለሞተባቸው የሰው ልጆች ሲወራ ነበር። የእኛም ቤት ልጅ የቲም መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። በቀብሩ ቀን አልገባኝም ነበር።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ከውጭ በር ወደ ቤቱ ዳገት ይወጣል። መኪናዋ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ፣ የኋላ ጎማዎቿ በሁለት ድንጋይ ተደግፈው ትቆማለች። ወንድሜ የእጅ ፍሬን ብቻውን አያምንም ነበር።

በየጁምዓው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኮፈኗን እከፍታለሁ። የጋለ ሞተር እንደማይነካካ የተማርኩት ከወንድሜ ክንድ ላይ ነው። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ እንደመጣ የራዲያተሩን ክዳን ቢከፍተው የፈላው ውሃ ተስፈንጥሮ ክንዱን ላጠው። ከዚያ ወዲህ "ሻይህን ጠጣ፣ ሌላም ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ ክፈት" ይለኝ ነበር። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ አልከፍተውም፤ ከውጭ ያሳያል፣ ልኩን አይቼ እተወዋለሁ። ቢፈስ ቀለሟን ይበላዋል። መጨረሻ ላይ የሞተሩን ዘይት አያለሁ። መለኪያዋን ዘንግ እስባለሁ፣ በንጹህ ጨርቅ እጠርጋታለሁ፣ እስከ ታች እከታታለሁ፣ እንደገና እስባለሁ። ሁለት ምልክቶች አሏት። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ወንድሜ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሁሉንም ያየሁ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ነበር። በሦስተኛው ወር ልክ ምልክቱ ላይ መጣ። ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ። ከሥሯ መሬቱ ላይ ጥቁር እርጥበት አይቼ ነበር፤ ልጁ እንዳይረግጠው አመድ በተንኩበት። በሳምንቱ እንደገና አየሁት። እንደገና አመድ በተንኩበት።

የወንድሜ ሚስት ከእኛ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቤቷ፣ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ሆና ትሰማኛለች። እታለም ነው የምላት።

"እንዴት ናት?" ትለኛለች።

"አልሃምዱሊላህ፣ ሙሉ ናት።"

"እንዲህ ስትወለውላት ኒካህ ያሰርክላት ነው የምትመስለው።"

"ከሰው ትሻላለች፣ አትናገርም።"

"አብሽር፣ ስትናገር ትሰማታለህ" አለችኝ። በዚያ አራት ወር ውስጥ ድምጿ ላይ ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደገና ላስቃት ብዬ በሚቀጥለው ጁምዓ መስታወቱን ሳይቀር ወለወልኩ።

ዒዳዋ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ መጡ። ከወንድሜ ጋር ለዓመታት በአንድ መስመር የሠሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ ደርሰን እንመለስ፣ ትሞከር አሉ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ወረዱ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ።

ሜዳው ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት በር አቆሟት። ሻያችንን ስንጨርስ "እስቲ ኮፈኗን ክፈትልኝ፣ ዘይቷን ልያት" አሉኝ።

"ጠዋት አይቻታለሁ ጋሼ።"

"እኔም ልያታ።"

"አራት ወር ሙሉ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። አላመኑኝም?"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ በደንብ የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሰው እንዲፈትሽብኝ አልፈለግሁም።

ሹፌሩ ሳቁ። "ቁርጥ ወንድምህን። እሱም ሰው ኮፈኑን ሲከፍትበት አይወድም" አሉና ተዉት። በወንድሜ ስም ነው የተዉልኝ።

ወደ ደሴ ስንመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንጀምር፣ ከመሪው ኋላ ቀይ መብራት በራ። የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለበት መብራት ነው።

"ይሄ ምን ይላል?" አሉ ሹፌሩ።

"ድሮም ይበራል" አልኳቸው።

ድሮ በርቶ አያውቅም። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ዘንጓን ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሙሉ ናት፣ የተሳሳተው መብራቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሳቸው ፍጥነት ቀነሱና አንዴ አዩኝ። "ወንድምህ ነግሮህ ነው?"

"አዎ።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። ምናልባት ከአስር ደቂቃ በኋላ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት መጮህ ጀመረ። ሹፌሩ ወዲያው ወደ ዳር ሊያወጧት መሪውን ጠመዘዙ። ዳር ሳትደርስ ጠፋች። ቁልፉን ቢያዞሩት አልተንቀሳቀሰችም። ወርደን ለጎማዎቿ ድንጋይ ፈለግን። ከኋላችን ያሉ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ አለፉን።

መካኒኩ ያያት ተጎትታ ደሴ ከገባች በኋላ ነው። ዘንጓን ሲስባት ጫፏ ላይ ጠብታ እንኳ የለም ማለት ይቻላል። ዘይቷን የት አቁሜያት እንዳየሁ ጠየቀኝ። ግቢያችንን ነገርኩት።

"ዳገት ላይ? ፊቷን ወደ ላይ አድርገህ?"

"አዎ።"

"እንዲህ ስትቆም ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘንጓ የምትገባው በኋላ በኩል ነው። ጎድሎም ሙሉ ነኝ ትልሃለች። ዘይት ሜዳ ላይ ነው የሚታየው፣ የኔ ወንድም።" ቀጥሎ ከሥሯ ገብቶ የሚያፈሰውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። "ይሄ ሁሉ ሲፈስ መሬቱ ላይ አላየህም?"

አመዱን አልነገርኩትም። የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ወደ ኋላ አውጥቶ ከበሩ ውጭ ያለው ሜዳ አስፋልት ላይ ያቆማትና እዚያ ነበር ኮፈኗን የሚከፍተው። እኔ ለጎረቤት ሊያሳያት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም በልቤ ጉረኛ ብዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ብጠይቀው ኖሮ እላለሁ።

ሞተሩ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። የሚድን አልሆነም። መኪናዋ ለዕቃ ተሸጠች።

ሰፈሩ ግን በእኔ አልፈረደም። በሹፌሩ ፈረደ። የየቲም መኪና በመጀመሪያው ቀን ያቃጠለ ተባሉ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው መስጊድ በር ላይ አባቴ የሹፌሩን ሰላምታ ሳይመልሱ ሲያልፉ አይቻለሁ። ከአባቴ ኋላ ነበርኩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ሹፌሩ እኔ እስከማውቀው ለማንም ምንም አልተናገሩም። እኔ ደግሞ ነገ እናገራለሁ፣ ከጁምዓ በኋላ እናገራለሁ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ።

እታለም ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሥራ አገኘች። እዚያው ቤት ተከራየች። ልጁን ይዛ ትሄዳለች። እናቴ "ልጁን እንኳ ተዪልኝ" ብላ ለመነቻት። "እሱንም ከተውኩ ለምን እወርዳለሁ" አለቻት።

የምትሄድ ቀን ፍራሹን ባጃጅ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ልጁ ከፊት ተቀምጦ መሪውን ሊነካ ይንጠራራል። ገመዱን እያሰርኩ ተናገርኩ። ፊቷን እያየሁ መናገር አልቻልኩም።

"እታለም፣ መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ጋሼ ዘይቷን ልይ ብለው ከለከልኳቸው። መብራቱም ሲበራ ዋሸኋቸው።"

ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ ሦስተኛም ቋጠርኩት።

"አውቃለሁ" አለች።

ቀና አልኩ።

"ጋሼ በዚያው ሳምንት መጥተው ነገሩኝ። ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ልጁ ወንድሙ የሞተበት ነው አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንተ እስክትመጣ እየጠበቅሁ ነበር። ቤታችን መካከል አንድ ግድግዳ ነው ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅሁህ።" የሻርፗን ጫፍ አስተካከለች። "ዘይቱን አለማወቅህን ወላሂ ይቅር ብዬሃለሁ። ወንድምህም ስላልነገረህ ጥፋት አለበት። እኚያን ሰውዬ መስጊድ በር ላይ ስታልፋቸው ግን ከመስኮት አይቼሃለሁ። ያንን ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም። ገብተህ ለአባትህ ንገር።"

ባጃጁ ተነሳ። ልጁ እጁን አወዛወዘልኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ መሪው ዞረ።

አባቴ በረንዳው ላይ ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። ከመሃል አላቋረጡኝም። ስጨርስ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ።

"የት ይገኛሉ?" አሉኝ። ሹፌሩን ነው።

"በዚህ ሰዓት መናኸሪያ ነው የሚሆኑት አባ።"

እንዲቆጡኝ፣ እንዲመቱኝም ጠብቄ ነበር። ምርኩዛቸውን አንስተው ቁልቁል ወደ በሩ ወረዱ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ እኔን ይደገፉ ነበር። ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ።

"ተወኝ" አሉና በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ።